«በሞቴ» ስለምንለው ቃል፤ ስለ ልማድና ስለ ጤና

በአገራችን የገበታ ቋንቋ ውስጥ እንደ «በሞቴ» ያለ ብርቱ ቃል ያለ አይመስለኝም። እንግዳው ጠገብሁ ብሎ እጁን ከመሶቡ ሲሰበስብ፣ ወይም በቃኝ ብሎ መለኪያውን በመዳፉ ሲከድን፣ ባለቤቱ ይህን ቃል ያወጣል፤ ቃሉ አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ለእንግዳው የሚቀረው ምርጫ ጥቂት ነው። ጋባዡ የራሱን ሞት መያዣ አድርጎ በገበታው ላይ ስላስቀመጠ፣ እንቢ ማለት ያን ሞት እንደ መናቅ ይቈጠራል። እንግዳውም ቢሆን የሚከላከልበት ቃል ከዚያው ከሞት የተቀዳ ነው፤ «ሙት፣ አልችልም» ይላል። እንዲህ እየተባባሉ የሚዋደዱ ሁለት ሰዎች ስለ አንዲት መለኪያ አረቄ በሞት ሲማማሉ ያመሻሉ። እኔ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው፣ ካደግሁም በኋላ ስናገረው ኖሬአለሁ። ምን ማለት እንደ ሆነ ያሰብሁበት ግን ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ነው፤ ለማሰብም ያበቃኝ ምክንያት ደስ የሚያሰኝ አይደለም።

ስለ ጤና የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ለአንድ ሰው ነው። መጠጥ ተው፣ ጨው ቀንስ፣ በእግርህ ሂድ፣ በጊዜ ተኛ ይባላል። የሚመክረውም የሚመከረውም ልማድን የሚያዩት እንደ ሰውየው የግል ንብረት፣ እንደ ኮቱና እንደ ጫማው፣ ሲፈልግ የሚለብሰው፣ ሲፈልግ የሚያወልቀው ነገር አድርገው ነው። ስለዚህም ሰውየው ምክሩን ሳይፈጽም ቢቀር «ወኔ የለውም» ተብሎ ይፈረድበታል። እኔ ግን ልጠይቅ የምፈልገው ይህን ነው፤ የአንድ ሰው ልማድ የእርሱ ብቻ ነውን? የእርሱ ብቻ ካልሆነስ፣ በልማዱ ምክንያት ለሚደርስበት ጕዳት ከእርሱ ሌላ የሚጠየቅ አለን?

ልማድ በሰው ኑሮ ላይ ያለውን ኃይል የጥንት ሊቃውንት አላጡትም። የግሪኩ አሪስቶትል ስለ ግብረ ገብ በጻፈው መጽሐፍ፣ በገና ደርዳሪ የሚኮነው በመደርደር እንደ ሆነ ሁሉ ደግ ሰው የሚኮነውም ደግ ሥራን ደጋግሞ በመሥራት መሆኑን አስተምሯል። አሜሪካዊው ዊልያም ጀምስም እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው የሥነ ልቡና መጽሐፍ ለልማድ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶታል። በእኛ ዘመን ደግሞ በለንደን ፊሊፓ ላሊ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ጽሑፍ ውጤቱን ገልጻለች። አንድ አዲስ ነገር ሳይታሰብበት የሚደረግ ልማድ እስኪሆን ድረስ በመካከለኛው ግምት 66 ቀን ይፈጃል፤ ለአንዱ 18 ቀን ሲበቃው ለሌላው እስከ 254 ቀን ሊደርስበት ይችላል። በ21 ቀን ልማድ ይለወጣል እያሉ ለሚሰብኩት ሰዎች ይህ መልካም መልስ ነው። ከቍጥሩ ይልቅ እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ጥናት ሰዎቹ አዲሱን ልማዳቸውን ያሰሩት እንደ ቍርስና እንደ ምሳ ካለ በየቀኑ ከሚደጋገም ነገር ጋር ነበር። በእኛ አገር ግን ምሳም ሆነ ቡና ብቻውን አይመጣም፤ ሰው አስከትሎ ይመጣል። የእኛ ልማድ የታሰረው ከሰው ጋር ነው።

ይህን ለማስረዳት ወደ ከተማዬ ልመለስ። ማንቡክ በመተከል ዞን የዳንጉር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከቻግኒ ተነሥቶ በግልገል በለስ በኩል ወደ ማንኩሽ የሚወርደው መንገድ ያልፍባታል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው ወደ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የሚወስደውም ይኸው መንገድ ነው። ጉሙዙም፣ ሺናሻውም፣ አገውም፣ አማራውም፣ ኦሮሞውም ይኖርባታል። አገሩ ቆላ ስለ ሆነ ቀን ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ይውልና፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አግዳሚ ወንበሩ ወደ ደጅ ይወጣል። የሠራተኛው ኑሮ በእውነት የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ወሬው፣ ምክሩ፣ ዕርቁ፣ ብድሩ ሁሉ የሚያልቀው በዚያ አግዳሚ ላይ ነው፤ አግዳሚው የሚገኘው ደግሞ ከአረቄ ቤቱ ደጃፍ ነው። (ያን ሰዓት የሚወደው ሰው ብቻ አይደለም፤ የወባ ትንኝም ትወደዋለች። እ.ኤ.አ. በ2024 ከዓመቱ መጀመሪያ እስከ ጥቅምት ወር ድረስ ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መያዙ ተመዝግቧል። አምሽቶና ሞቅ ብሎት ቤቱ የገባ ሰው አጎበሩን ሳይዘረጋ እንደሚወድቅ፣ ይህን የምጽፈው እኔ ከራሴ አውቃለሁ።)

በመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት አንድ ሰው ነበሩ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ «ነበሩ» ማለቴም ከሥራ ስለ ወጡ እንጂ ዛሬም በሕይወት አሉ። በዕድሜ ከእኔ አሥር ዓመት ያህል ስለሚበልጡ ጋሼ እያልሁ እጠራቸዋለሁ። የፋይል ቍጥር ለማግኘት መዝገብ መግለጥ የማያስፈልጋቸው ሰው ነበሩ፤ የባለጕዳዩን ፊት አይተው ወደ መደርደሪያው ይሄዳሉ፣ ፋይሉንም አቧራውን አራግፈው ያመጣሉ። እኚህ ሰው ማጅራታቸውን ደጋግሞ ስላመማቸው ጤና ጣቢያ ሄዱና ደም ብዛት እንዳለባቸው ተነገራቸው። 140 በ90 ከደረሰ ከፍተኛ የሚባለው የደም ግፊት በእርሳቸው ዘንድ ይህን እጅግ አልፎ ተገኘ። መድኃኒት በየቀኑ እንዲውጡ፣ ጨው እንዲቀንሱ፣ አረቄ ፈጽመው እንዲተዉ፣ በእግራቸውም እንዲሄዱ ታዘዙ።

የደም ግፊት ክፋቱ አለማመሙ ነው። ብዙውን ጊዜ ሳይሰማን ዓመታት ያህል የደም ሥራችንን ግድግዳ እያደነደነና እያዳከመ ይኖርና፣ አንድ ቀን በአንጎል ውስጥ አንዱ ሥር ይደፈናል ወይም ይፈነዳል። የአረቄ ብዛት ይህን ግፊት ከፍ ያደርጋል። በየቤቱ የሚወጣው አረቄ ደግሞ ልኩ አይታወቅም፤ ዳግም የሚባለው ከመቶ 40 እጅ በላይ አልኮል ሊኖርበት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ከጤና አንጻር ጕዳት የለውም ሊባል የሚችል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። ጨውም እንዲሁ ነው። ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ፣ ይበቃዋል ይባላል። በእኛ አካባቢ ግን በብዙ ቤት ቡና የሚጠጣው በጨው ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስቱም ሲጠጣ፣ ወጡ ሳይቈጠር፣ ምን ያህል እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ያስላው።

ጋሼ ምክሩን አልናቁም። ከሁለት ወር በላይ አረቄ ሳይቀምሱ ቈዩ። ከቢሮ ሲወጡ በአግዳሚው በኩል የሚያልፈውን መንገድ ትተው በጀርባ በኩል ይዞሩ ጀመር። አንድ ቀን በዚያ ዙሪያ መንገድ አግኝቻቸው ለምን እንደሚርቁን ጠየቅኋቸው። «ሰላም ካልሁ እቀመጣለሁ፤ ከተቀመጥሁ እጠጣለሁ» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «አረቄውስ ግድ የለም። ያቃተኝ ምሽቱ ነው» አሉ።

ይህን ቃላቸውን ያን ጊዜ እንደ ቀልድ ወሰድሁት። አሁን ሳስበው ግን ስለ ልማድ ከሰማሁት ሁሉ የሚበልጥ ነገር አለበት። ከሰውየው የተወሰደው መጠጥ ብቻ አልነበረም፤ ወዳጅ፣ ወሬ፣ ሳቅ፣ ሰው የመሆን ማዕርጉ ጭምር ነው። ብቸኝነትም ራሱ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ በብቸኝነት እንደሚጠቃና ከዚሁ ጋር በተያያዘ በየዓመቱ ከ871 ሺህ በላይ ሰው እንደሚሞት ገልጧል። እንግዲህ ጋሼ የቆሙት በሁለት በሽታዎች መካከል ነበር፤ ከአግዳሚው ቢርቁ አእምሯቸው፣ ቢቀርቡ ደማቸው ይጐዳል። ይህን መንታ መንገድ ያሰናዳንላቸው እኛ ነን። በአግዳሚው ላይ ውሃ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ቦታ ቢኖረው ኖሮ መንገድ ባልዞሩ ነበር።

በኅዳር ወር የማኅበር ተራ ደረሰኝና ቤቴ ሰው ሞላ። ጋሼም መጥተው ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል፤ በእጃቸው ውሃ ይዘዋል። እኔ ጠርሙሱን ይዤ እየዞርሁ ስቀዳ እርሳቸው ዘንድ ደረስሁ። «ሐኪም ከልክሎኛል» አሉኝ፤ ሐኪም እንደ ከለከላቸው እኔም ቀድሞ አውቄአለሁ። ከተቀመጡት አንዱ «በማኅበር ቀን ሐኪም ምን አገባው?» አለና ቤቱ ሳቀ። እኔም «በሞቴ፣ ጋሼ! አንዲት ብቻ!» አልሁ። እንቢ አሉ። ደገምሁ። አሁንም እንቢ አሉ። በሦስተኛው «አፈር ስሆን!» ብዬ መለኪያውን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ። ቀና ብለው አዩኝና ተቀብለው ጠጡ። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ፤ እኔም ደስ አለኝ። ደስታዬ የውሸት አልነበረም፤ የምወደው ሰው ወደ እኛ ተመለሰ ብዬ ነበር። በማግሥቱ አግዳሚው ላይ አየኋቸው፤ በሣልስቱም እንዲሁ። የጠጡ ቀን መድኃኒቱን ይዘሉት እንደ ነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

በግንቦት ጧት ከእንቅልፋቸው ሲነሡ ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው፤ አንደበታቸውም ተሳሰረ። ሕክምና ተደርጎላቸው አንደበታቸው ተፈታ፤ እግራቸውም በምርኵዝ ይራመዳል። ቀኝ እጃቸው ግን እንደ ዛለ ቀረ።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ጥያቄ ላንሣ፤ ተጠያቂው ማን ነው? የእኔ አንዲት መለኪያ ሥራቸውን አልደፈነችም። እንዲህ ያለ ነገር ማንም ሐኪም አይለኝም። ከእኔ በፊት ሃያ ዓመት ሙሉ ሲጠጡ ኖረዋል፤ ከእኔም በኋላ ስንቱ ቀድቶላቸዋል። ነገር ግን ያቺ የእኔ መለኪያ ካልሆነች የማን ናት? እያንዳንዳችን ብንጠየቅ እያንዳንዳችን «እኔ አንዲት ብቻ» ልንል እንችላለን፤ ሁላችንም እውነታችንን ነው። በደቦ የታረሰ ማሳ የትኛው ትልም በማን በሬ እንደ ወጣ አይለይም፤ ማሳው ግን ታርሷል። ይህንም ስል የጋሼን ድርሻ አልሰርዝም። ሕፃን አልነበሩም፤ እጅ እንጂ አፍ የከፈተላቸው የለም። ሆኖም አንድ ሰው አንድ ምሽት እንቢ ለማለት ሦስት ጊዜ መታገል ካለበት፣ በዓመት ስንት መቶ ጊዜ እንደሚታገል አስቡ። ጋባዡ አንድ ጊዜ ቢያሸንፍ ይበቃዋል፤ እንግዳው ግን ሁልጊዜ ማሸነፍ አለበት።

ስለዚህ እኔ እንደሚመስለኝ ማናችንም የበሽታውን ሙሉ ዕዳ አንሸከምም። የተናገርነውን ቃል ሙሉ ዕዳ ግን እያንዳንዳችን እንሸከማለን። የእኔ ጥፋት መቅዳቴ አይደለም፤ እያወቅሁ፣ አንድ ሰው ስለ ሕይወቱ የተናገረውን እንቢታ በሦስት መሐላ መስበሬ ነው። ስለ ምን ሰበርሁት? ይህንም ራሴን መርምሬአለሁ፤ መልሱም አያኰራኝም። በዚያ ጥግ የተቀመጠችው የውሃ ብርጭቆ እኔንም ትወቅሰኝ ነበር። በጠጪዎች መካከል የማይጠጣ ሰው ምንም ሳይናገር መስተዋት ይሆናል፤ መስተዋቱን ከፊቴ ለማንሣት «በሞቴ» አልሁ። ቃሉ በራሴ ሞት ይምላል፤ በመያዣነት የተሰጠው ግን የእርሳቸው ሕይወት ነበር።

«ታዲያ መጋበዝ ይቅር ልትል ነውን?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አልልም። በተለይ በእኛ አካባቢ እንዲህ ማለት ድፍረት ይሆናል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በመተከል በደረሰው ግጭት ብዙ ሰው ሞቷል፣ ብዙ ሰውም ከቤቱ ተፈናቅሏል። ከዚያ ዓይነት ጊዜ በኋላ ጎረቤት ለጎረቤቱ ዋንጫ ሲዘረጋ የሚዘረጋው መጠጥ ብቻ አይደለም፤ አምኜሃለሁ፣ እመነኝ እያለው ነው። ጉሙዞች ማንጊማ በሚሉት የዕርቅ ሥርዓታቸው የተጣላን ሲያስታርቁ፣ ሌላውም ሕዝብ በየሽምግልናው ሲያስታርቅ፣ ዕርቅ የሚጸናው አብሮ በመብላትና በመጠጣት ነው። እንዲህ ባለ አገር የተዘረጋን ዋንጫ መመለስ ቀላል አይደለም፤ ተመላሹ ዋንጫ ብዙ ነገር ሊመስል ይችላል። አብሮ መቀመጡን ያጠፋ ጤና፣ ጤና መሆኑ ያጠራጥረኛል።

ሕግም ቢሆን የሚደርስበት ወሰን አለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር ከልክሏል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው እንዳይሸጥም አድርጓል። መልካም ሕግ ነው። ሆኖም የሬዲዮው ማስታወቂያ በአንድ ቀን ሲዘጋ፣ ከሬዲዮ ይልቅ የሚሰማው የወዳጅ አፍ ክፍት ሆኖ ቀርቷል። «በሞቴ» የሚለውን ቃል የሚከለክል አዋጅ ሊወጣ አይችልም፤ መውጣትም አይገባውም።

ነገር ግን ልማዳችን ራሱ፣ ከጥንት ጀምሮ፣ የሚከበር እንቢታን ያውቃል። በዓቢይ ጾም ሥጋ የቀረበለት ክርስቲያን «ጾመኛ ነኝ» ቢል፣ በሞቴ የሚለው ማን ነው? እንዲያውም ጋባዡ ይደነግጣል፤ ይቅርታ ይጠይቅና ሽሮ ይፈልግለታል። እስላም ወዳጃችን ቤታችን ሲመጣ አረቄ አንቀዳለትም፤ የእርሱ ሰው ያረደውን እናዘጋጅለታለን፤ ፍቅራችንም በዚህ አይጐድልም። እንግዲህ የአበሻ ግብዣ እንቢታን አይቀበልም የሚባለው ሐሰት ነው። የሚቀበለውና የማይቀበለው እንቢታ አለ እንጂ። የሚገርመኝ፣ ስለ ነፍሱ የሚከለከለውን ሰው አክብረን ስለ ሥጋው የሚከለከለውን ለምን እንደምንስቅበት ነው።

ምክንያቱን ሳስብ ሁለት ነገር ይታየኛል። አንደኛ፣ ጾመኛ ብቻውን አይጾምም፤ ከኋላው አገር ሙሉ ሕዝብ ቆሟል። ሐኪም የከለከለው ሰው ግን ብቻውን ነው፤ እንቢታውም የራሱ ጠባይ፣ የራሱ ኩራት መስሎ ይታያል። ሁለተኛው ደግሞ፣ ጾም የብርታት ምልክት ሲሆን በሽታ የድካም ምልክት መሆኑ ነው። በተለይ ወንድ «አሞኛል» ማለትን ያፍራል፤ ወዳጆቹም «ደኅና ነህ፣ ምንም አልሆንህም» ማለትን ማጽናናት አድርገው ይቈጥሩታል። እኔም ያን ማታ ጋሼን «ምንም አይልዎትም» ማለቴን አስታውሳለሁ። ይህን ለማለት በምን ዕውቀቴ እንደ ደፈርሁ ግን አላስታውስም።

በመስከረም ልጠይቃቸው ቤታቸው ሄድሁ። ማዕድ ቀረበ። ከእኔ ጋር የሚበሉት በግራ እጃቸው ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ከብዷቸው ነበር፣ አሁን ለምደውታል አሉኝ ባለቤታቸው፤ ለመልመድ አራት ወር ያህል ፈጀባቸው። ይቅርታ ልጠይቃቸው አስቤ ሄጄ ነበርና ቃሉን ስፈልግ ቈየሁ። እርሳቸው ቀደሙኝ። ጠቅልለው አነሡና ወደ እኔ ዘረጉ። ባለቤታቸው ደንግጠው «ኧረ በግራ እጅ!» አሉ። እርሳቸውም «ቀኙማ እንቢ ብሏል» አሉና ሣቁ። ከዚያ «በሞቴ» አሉኝ።

ተነሥቼ ጎንበስ ብዬ ጎረስሁ። «አንድ ያጣላል» ብለው ሁለተኛውን ጠቀለሉ። ቡናውም ፈላ፤ ሦስቱንም እስከ በረካ ጠጣን። ጨው አልገባበትም ነበር።